ፈለጅና ፈለግ፦ ውኃውን ማን አመጣው?

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት የታሪክ ጨዋታ ነው። ረዘም ይላል፤ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ጋደም ስትሉ አንብቡት።

እንግዳ ሆነን በምንኖርበት አገር ሁሉ የሚያምር አትክልት ስፍራ አለ። አበባው፣ ፏፏቴው፣ ዘንባባው። በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበች ሰው የምታገኘው የንጉሥ ወይም የሀብታም ስም ነው። በእንደዚህ ዓይነት በረሃ አገር ግን አትክልት ከመተከሉ በፊት ውኃ መምጣት አለበት። ውኃውን ያመጣውስ ማን ነው? ባለፈው ወር 22 ሆነን ኒዝዋ ከሄድን ወዲህ ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ስፈላልግ ደግሞ ያልጠበቅኩት ቦታ ላይ የአገራችንን ሰው አገኘሁ። እሱን ነው የምነግራችሁ።

እኔ የምሠራው ዪቲ ነው። ለማታውቁት፣ ዪቲ ከመስቀጥ በስተደቡብ ምሥራቅ ተራራውን ተሻግራችሁ የምታገኟት የባሕር ዳር መንደር ናት። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ አለ፣ ፍየል አለ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ በገባበት በኩል ጨው ውኃ የማይገድለው ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። አሁን አሁን ዳር ዳሩን ትልልቅ አዳዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው። ማዳሜ ጁምዓ ትለቀኛለች። ይህን ዕድል የማታገኙ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ያየሁትን ሳላስቀር መጻፍ የፈለግኩትም ለእናንተ ብዬ ነው።

ኒዝዋ ከመስቀጥ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ነው። ገንዘብ አዋጥተን ኮስተር ተከራየን። አስጎብኚያችን ታሪክ የተማረች ወጣት ኦማናዊት ነበረች፤ ዐረብኛውን ቀስ አድርጋ ትናገራለች፣ ያልገባንን ከመሃላችን ዐረብኛ የምትችለዋ እህት ታስተረጉመናለች። መንገዱ በፈንጃና በሰማኢል አድርጎ በኢዝኪ በኩል ያልፋል። ግራና ቀኙ ደረቅ ተራራ ነው፤ አንድ ቅጠል የሌለበት፣ የተቃጠለ ድንጋይ የሚመስል። ከዚያ ድንገት ከተራራው ሥር ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ይመጣል፤ የተምር ዛፍ ብቻ። አንዷ "ይሄ ሁሉ ዛፍ ምን ጠጥቶ ነው?" አለች። አስጎብኚዋ ሳቀችና "ለዚህ ነው የመጣነው" አለቻት።

የሄድንበት ፈለጅ ዳሪስ ይባላል። በኦማን ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል፤ አጠገቡ ሕዝብ የሚዝናናበት ፓርክ አለ። ፈለጅ ማለት ውኃን ያለ ሞተር፣ ያለ ባልዲ፣ ከተራራ ሥር ወደ መንደር የሚያመጣ ቦይ ነው። ዳሪስ ዓይነቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከተራራው ግርጌ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። እሱን "ኡሙል ፈለጅ" ይሉታል፣ የፈለጁ እናት ማለት ነው። እዚያ ውኃ ከተገኘ፣ ከእናትየው ጉድጓድ ወደ መንደሩ ከመሬት በታች ዋሻ ይቆፈራል፤ ተዳፋቱ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ ውኃው በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ እንዲወርድ። ተዳፋቱ ከበዛ ውኃው ዋሻውን ይንደዋል፤ ካነሰ ይቆማል። በየተወሰነ ርቀት ከላይ ወደ ታች ጉድጓድ ይወርዳል፤ አፈሩ የሚወጣው፣ አየር የሚገባው፣ በኋላም የሚጠገነው በዚያ ነው። ይህን ሁሉ የሠሩት በእጅ መቆፈሪያና በገመድ ነው።

ውኃው መጀመሪያ ወደ ብርሃን የሚወጣበት ቦታ "ሸሪዓ" ይባላል። እዚያ ማንም ይጠጣል፣ ማንም ይቀዳል፤ ባለቤት የለውም። ከዚያ ለመስጊዱና ለመታጠቢያው ይሄዳል፤ ለሴቶች የተከለለ መታጠቢያ አለ። ቀጥሎ የተምሩ እርሻ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በየወቅቱ የሚዘራው እህልና አትክልት። ዝናብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው የመጨረሻው ነው፤ የመጠጡ ውኃ ግን አይነካም። ይሄን ስትነግረን አንዳችንም አልተናገርንም። ደንቡ ጥሩ ነው'ኮ፤ የተጠማ ይቅደም፣ ሀብት ይከተል።

የእርሻው ውኃ ግን በሰዓት ይከፋፈላል። መለኪያው "አሰር" ይባላል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሰው መሬት ብቻ ሳይሆን አሰር ይወርሳል፣ ይሸጣል፣ ያከራያል። ድሮ ሰዓት ስላልነበረ ቀን ቀን በተተከለ እንጨት ጥላ፣ ሌሊት ደግሞ በኮከብ ይለኩ ነበር። ይህን የሚያስተዳድር "ወኪል" የሚባል በመንደሩ የተመረጠ ሰው አለ፤ ተራ የሚያስጠብቅ፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ቦዩን የሚያስጠግን።

ይሄኔ ከቆቦ የመጣችው እህታችን "እንዴ! ይሄማ የእኛ የውኃ አባት ነው!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። እኛም አገር በመስኖ የሚያርሰው ገበሬ የውኃ አባት ይመርጣል፤ ተራ ያወጣል፣ ተራ የሰረቀን ይቀጣል፣ ቦይ ጠረጋ ሲደርስ ሰው ይጠራል። እሷ አባቷ በሌሊት ተራ ሲደርሰው ፋኖስ ይዛ ትከተለው እንደነበር ነገረችን። አስጎብኚዋ ዐረብኛው ሲደርሳት ደብተሯን አውጥታ "የውኃ አባት" የሚለውን ቃል ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ጉብኝት ተለወጠ። እስከዚያ እሷ ትነግረናለች፣ እኛ እንሰማለን፤ ከዚያ ግን እኛም መናገር ጀመርን።

እኔም የተናገርኩት አለ። ፈለጅ የሚለው ቃል በዐረብኛ መክፈል፣ ማካፈል ከሚለው የወጣ ነው። በግእዝ ደግሞ ወንዝ "ፈለግ" ይባላል። ባሕር ዳር ያለውን "ፈለገ ሕይወት" ሆስፒታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሕይወት ወንዝ ማለት ነው። ፈለጅና ፈለግ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኛ በባዕድ አገር ቆመን ባዕድ ነው ብለን ያየነው ውኃ፣ ስሙ እቤታችን ነበር።

የአትክልቱም ስም እንደዚያው ነው። ዐረቦቹ "ጀነት" ይላሉ፣ እኛ "ገነት" እንላለን። ሁለቱም ቃል መጀመሪያ የታጠረ አትክልት ማለት ነበር፤ የሰማዩ ቤት ስም የሆነው በኋላ ነው። ፈረንጆቹ ገነትን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ ከጥንት ፋርስ የመጣ ነው፤ እሱም ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ማለት ነው። ለምን መሰላችሁ? በረሃ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከአጥሩ ውጪ አሸዋና ንፋስ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ ጥላና ውኃ። ሰው ሰማይን ሲያስብ ያንን አሰበ።

የፋርስ ሰዎች አትክልት ስፍራቸውን በውኃ ቦይ ለአራት ይከፍሉት ነበር። "ቻሃር ባግ" ይባላል፣ አራት አትክልት ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ቂሮስ የሚለው ንጉሥ በፓሳርጋድ የሠራው አትክልት የዚህ ሁሉ አባት ነው ይባላል፤ እሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ህንድ ሄደ። ታጅ ማሃል ፊት ለፊት ያለው አትክልት የዚያ ዘር ነው። እስላሙ በአራቱ ቦይ ውስጥ የጀነትን አራት ወንዞች ያያል፤ የውኃ፣ የወተት፣ የወይንና የማር። እኛ ደግሞ ከኤደን የወጡትን አራቱን ወንዞች እናውቃለን፣ ከመካከላቸው አንዱ ግዮን ነው፣ አባይ። ስለዚህ እህቶቼ፣ አንድ ቀን እንደዚህ ለአራት የተከፈለ አትክልት ውስጥ ከገባችሁ፣ ከአራቱ ቦይ አንዱን የእኔ ነው ብላችሁ ብታዩት ማንም አይከለክላችሁም።

እነዚህ አትክልቶች ብዙዎቹ ጠፍተው ነበር፤ አንዳንዶቹ በቅርብ ጊዜ ታድሰዋል። ዴልሂ ያለው የሁማዩን መቃብር አትክልት በአጋ ካን የባህል ድርጅት ታድሶ ቦዮቹ እንደገና ውኃ የፈሰሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ካቡል ያለው የባቡር አትክልትም ከጦርነት በኋላ እንደዚሁ ታደሰ። አትክልት ሲታደስ አበባው ቀላል ነው፤ ከባዱ ውኃውን መመለስ ነው። የኦማን ፈለጅ ከእነዚህ የሚለየው ብዙው ሞቶ አለመነሣቱ ነው፤ ሕዝቡ በየዓመቱ እየጠረገ አቆይቶታል። ዛሬም ወደ 3,000 የሚጠጉ ፈለጆች ይሠራሉ። ከእነሱ ውስጥ ዳሪስን ጨምሮ አምስቱን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገባቸው።

እንግዲህ አሁን ወደ ጥያቄያችን። ማን ቆፈረው?

ኦማኖቹ አፈ ታሪክ አላቸው። ንጉሥ ሰሎሞን በነፋስ ተጭኖ ሲያልፍ ይህችን ደረቅ አገር አየና አዘነ፤ ጂኒዎቹንም አዘዘ፤ በ10 ቀን 10,000 ፈለጅ ቆፈሩ ይላሉ። ከመሬት ሥር የሚሄደውን ዓይነት ፈለጅ "ዳውዲ" የሚሉትም በሰሎሞን አባት በዳዊት ስም ነው። ይሄን ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን፤ ሰሎሞንን እኛም በዘመድነት እናውቀዋለና! የሕንጻ ሥራውን ለጂኒ መስጠት ግን እኛም አገር አለ። ላሊበላን መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር ይባል የለ? ሥራው ከሰው አቅም በላይ ሲመስል ሰው ለሰማይ ይሰጠዋል። የሚያሳዝነው ግን፣ ሥራው ለጂኒ ወይም ለመልአክ ሲሰጥ፣ እጁ የቆሰለው ሰው ከታሪኩ ይወጣል።

"ታዲያ በእውነት ማን ነው?" ብላ ጠየቀች አንዷ። አስጎብኚዋ አልሸሸችም። ውኃ ያለበትን ቦታ የሚለይ "ባሲር" የሚባል አዋቂ እንደነበር፣ የመቆፈሩንም ጥበብ ይዘው የኖሩ አዋሚር የሚባሉ ጎሣዎች እንዳሉ ነገረችን። ቀጥላም የኢማሞቹን ዘመን አነሣች። ኢማም ሰይፍ ቢን ሱልጣን እ.ኤ.አ. ከ1692 እስከ 1711 የገዛ ነው። ፈራርሰው የነበሩ 17 ፈለጆችን አሳድሷል፣ ተምርና ኮኮናት በብዛት አስተክሏል። "ቀይዱል አርድ" ይሉታል፣ የምድር ማሰሪያ እንደማለት። የታሪክ ጸሐፊዎች ሀብቱን ሲቆጥሩ 28 መርከብ፣ የኦማን ተምር ዛፍ አንድ ሦስተኛውን፣ እና 700 ወንድ ባሪያዎች ይላሉ።

ሰባት መቶ። የእሱ ስም ከነቅጽሉ አለ፤ የ17ቱ ፈለጅ ቁጥር አለ፤ የመርከቡ ቁጥር አለ። የ700ዎቹ ስም የለም። አካፋ እንደሚቆጠር ተቆጥረዋል። በዚያ ዘመን ወደዚህ ባሕር ዳር ባሪያ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነበር፤ አብዛኛው ግን ከምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ ከእኛም አገር ጭምር። ልጅቷ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ደብቃ ብታልፈው ትችል ነበር፤ አላለፈችውም፤ ስለዚህ አከብራታለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከተምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ዳቦና ምስር ወጥ እየበላን፣ እኔ የማውቀውን የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ይሄን ታሪክ ያገኘሁት ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ነው።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። የትውልድ ቀዬውን ሐረርጌ የሚሉ አሉ፣ ከምባታ የሚሉም አሉ። የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ እንደነበር ተጽፎ ተገኝቷል። ልጅ ሳለ ለባሪያ ነጋዴ ተሸጠ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ሞካ ገባ። ከዚያ ባግዳድ። እዚያ የገዛው ሰው ጭንቅላቱን አይቶ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብም አስተማረው፤ አሰለመው፣ አዲስ ስምም አወጣለት፦ አምባር።

ይሄ ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዐንበር ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ፣ ባሕር ዳር ተንሳፍፎ የሚገኝ፣ ሽቶ የሚሠራበት በጣም ውድ ነገር ነው። ኦማን ባሕር ዳርም ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከዪቲ ወዲያ ያለችው ቁረያት ዓሣ አጥማጆች ትልቅ ዐንበር አግኝተው በአንድ ጊዜ ሀብታም ሆኑ ተብሎ በየቤቱ ይወራ ነበር። ለባሪያ እንደዚህ ያለ የሽቶና የዕንቁ ስም መስጠት በዚያ ዘመን ልማድ ነበር። ስሙ ያምራል፤ ግን የዕቃ ስም ነው።

አምባር ከባግዳድ እንደገና ተሸጦ ደቡብ ህንድ፣ ዴካን ወደሚባለው አገር ገባ። እዚያ አሕመድናጋር የሚባል መንግሥት ነበር። የገዛው የዚያ መንግሥት ሚኒስትር ቺንጊዝ ኻን ነው፤ እሱም ራሱ ሐበሻ፣ እሱም ራሱ ድሮ ባሪያ! ብዙ ሐበሾች አብረውት ነበሩ። ቺንጊዝ ኻን ሲሞት ሚስቱ አምባርን ነጻ ለቀቀችው። ከዚያ ወታደር ሆነ፣ የወታደር አለቃ ሆነ፣ "ማሊክ" የሚል ማዕረግ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1600 የሞጎሎቹ ጦር አሕመድናጋርን ሲይዝ፣ አምባር ከንጉሡ ዘር አንዱን አንግሦ እሱ እንደራሴ ሆነ። እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ አገሩን የመራው እሱ ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ካሉት ኃያላን አንዱ የነበረው የሞጎሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ሊይዘው አልቻለም። በጣም ስላበሸቀው፣ የተቆረጠ የአምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። በእውነት ያላገኘውን በቀለም አገኘው!

እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ የነካኝ ሌላ ነው። አምባር እ.ኤ.አ. በ1610 ኻድኪ በምትባል ድንጋያማ ቦታ አዲስ ዋና ከተማ ቆረቆረ። ቦታው ውኃ የለውም። እሱ ምን አደረገ? ከተራራው ሥር የሚገኘውን ውኃ ከመሬት በታች በዋሻ፣ በየርቀቱ ጉድጓድ እያወረደ፣ ያለ ሞተር በተዳፋት ብቻ ወደ ከተማው አመጣው። እናትየው ጉድጓድ፣ ዋሻው፣ የአየር ቀዳዳው፣ ኒዝዋ ያየነው ነገር ራሱ! ይሄ ጥበብ ፋርስና ዐረብ አገር የኖረ ነው። አምባር ልጅነቱንና ወጣትነቱን በእነዚህ አገሮች እየተሸጠ አልፏል። ምን እንዳየ፣ ማን እንዳሳየው አልጻፈልንም። እኔ ግን ልጁ ሲታዘዝ ዓይኑ አልተጨፈነም እላለሁ።

ያ ውኃ ለከተማዋ ከ300 ዓመት በላይ አገልግሏል። ዛሬም "ነህረ አምባሪ" ይባላል፣ የአምባር ወንዝ ማለት ነው። የከተማዋ ስም ደጋግሞ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1653 በሞጎሉ ልዑል በአውራንግዜብ ስም አውራንጋባድ ተባለች፤ በቅርቡ ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። ገዢ በመጣ ቁጥር ከተማዋ ስም ትቀይራለች። ከመሬት ሥር ያለው ውኃ ግን ስሙን አልቀየረም።

ታሪኩን ስጨርስ ዝም ተባለ። ከዚያ የቆቦዋ ልጅ "እሱ ወንድ ነው፣ ወታደር ሆነ። ሴቶቹስ?" አለች።

እኔም ያነበብኩትን ነገርኳት። የኦማንና የዛንዚባር ገዢ የነበረው ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ልጅ፣ ልዕልት ሰልማ የምትባል ነበረች። በኋላ ጀርመናዊ ነጋዴ አግብታ ሃምቡርግ ኖረች፤ ኤሚሊ ሩተ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1886 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። ያደገችበትን የዛንዚባር ቤተ መንግሥት፣ ቤተል ምቶኒን ስትገልጽ፣ ሰፊው ግቢ ውስጥ ጣዎስና ሚዳቋ ሲዘዋወሩ፣ መታጠቢያ ቤቶቹ፣ የወንዙ ውኃ፣ ሁሉም አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ሐበሻ ሴቶችም እንደነበሩ ጽፋለች። ተገዝተው የመጡ፣ ከእነሱም ውስጥ ለገዢው ልጅ የወለዱ። ግቢውን ስታነቡ ጣዎሱን በደንብ ታዩታላችሁ፤ የሴቶቹን አገር ግን፣ የማን ልጅ እንደነበሩ፣ እናታቸው ምን ብላ እንደጠራቻቸው አታገኙትም። አትክልቱ ውስጥ ነበሩ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ሁሉ የመሸጥና የመግዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አምባር ህንድ ውስጥ ውኃ ባስመጣበት ዘመን አካባቢ፣ እኛ አገር አፄ ሱስንዮስ ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ገነተ ኢየሱስ ይባላል። ግቢው አትክልትና በድንጋይ የተገነባ የውኃ ገንዳ ነበረው። ለዚያ ዘመን ግንብ ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ኖራ በማዘጋጀቱ ሥራ ይነሣሉ። እንግዲህ አስቡት፤ የኛ ሰው ህንድ ሄዶ ውኃ ያስመጣል፣ የህንድ ሰው እኛ ጋ መጥቶ ግንብ ያስተምራል። የእነሱም የአብዛኞቹ ሠራተኞች ስም አልተጻፈም። በዚህስ ተመሳሰልን።

እህቶቼ፣ ይሄን ሁሉ ያወራሁት እኛ ባሪያ ነን ለማለት አይደለም። አይደለንም። ኮንትራት አለን፣ ደሞዝ አለን፣ ወር ቆጥረን እንመለሳለን፤ ደሞዟ ለተያዘባትም ሕግ አለ። ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ ቀርቷል፤ እሱም የስም ነገር ነው። ስንቶቻችን ነን ስማችን የተቀየረ? አንዷ ደላላው ፓስፖርት ሲያወጣ ሌላ ስም ጽፎባታል፤ ሌላዋ እቤቱ ውስጥ "ያንቺ ስም ይከብዳል" ተብላ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስም ወጥቶላታል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ለእኔ የተሰጠኝ ቤት ነበር፤ ልጆቹ እንዳይቸገሩ ተብሎ። ስሙም ያምራል። ግን የኔ አይደለም። ከእኔ በኋላ ለምትመጣውም ይተላለፋል።

የኛ ሥራ ደግሞ ልክ እንደ ፈለጁ ነው፣ ከመሬት በታች የሚሄድ። ሸሚዙ ተተኩሶ ይገኛል፣ ልጁ ታጥቦ ይገኛል፣ አሮጊቷ መድኃኒቷን በሰዓቱ ወስዳ ትገኛለች። የሚታየው ከላይ ያለው አረንጓዴ ነው። እንዲያውም አገር ቤት ያለውም እንደዚያው ነው፤ የታናሽ ወንድም ዲፕሎማ፣ የእናት ቆርቆሮ ቤት፣ ሥሩ ብትቆፍሩ የእኛ ውኃ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ጀምረናል። ኮስተሩ ላይ ለቁጥር የያዝነው የስም ዝርዝር ነበረ። ያቺ ወረቀት ላይ እያንዳንዷ እናቷ ያወጣችላትን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀበሌ ጻፈች። አንዷ "እንዴት ነበር የሚጻፈው?" ብላ ቆም ብላ አሰበች፤ ለስድስት ዓመት በአማርኛ ጽፋው አታውቅም። ወረቀቷን ለሰው አናሳይም፣ እኛው ጋ ትቀመጣለች። በሚቀጥለው ጉዞ የሚመጡት ይጨመሩባታል።

ዕረፍት ለምታገኙት ልንገራችሁ። ኦማን ያላችሁ፣ ለኒዝዋ ጠዋት በጊዜ ውጡ፤ ባጣቃችሁን ያዙ፣ ክንድና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ውኃው ውስጥ እግራችሁን ከመንከራችሁ በፊት ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ እዩ፤ ያ ውኃ ወደ ታች ሄዶ ለሰው ይደርሳል። ኤምሬትስ ያላችሁ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ ፈለጅ የሚያጠጣው የተምር እርሻ አለ፣ እሱም በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ አል አሕሳ አለላችሁ። ስትሄዱ አስጎብኚ ካለ፣ ማን አሠራው ብቻ ብላችሁ አትተዉ። ማን ቆፈረው፣ ከየት መጣ፣ ስሙ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ባይኖርም ጥያቄው ይሰማ።

መውጣት የማትችሉት ደግሞ፣ በመስኮት የምታዩት አንድ ዛፍ አይጠፋም። ማን እንደሚያጠጣው እዩ። ምናልባት ባንግላዴሽ ወይም ህንድ አገር የሚጠብቁት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ሰላም በሉት፤ ስሙንም ጠይቁት።

እናንተስ፣ በምትሠሩበት አገር እንደዚህ ያለ የአገራችን ሰው አሻራ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልን፤ የሰማሁትን ሰብስቤ እመለሳለሁ። ሰላም ዋሉ፣ ሰላም እደሩ።